የአንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ጥገና፦ ከደብረ ብርሃን ግቢ እስከ ባቦጋያ ሐይቅ

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጀልባዋ ትናንት ማምሻውን ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ተጭና ደብረ ብርሃን ገባች። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለው የአጎቴ ግቢ ውስጥ በግራር ሥር ተደፍታ የኖረች ናት፤ አጎቴ ቦታውን ሲገዛ ከአሮጌ የቤት ዕቃ ጋር አብሮ ተረከባት እንጂ ማን እንዳመጣትና መቼ እንደመጣች የሚነግረው ሰው አላገኘም። ሐይቅ በሌለበት ደጋ ላይ ጀልባ ለመጠገን መነሣቴ ለብዙ ሰው እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ነገር ግን መላጊያዬም፣ ሞርሳዬም፣ ዝናብ የማያስገባው ዳሴም ያሉት እዚሁ ነው፤ ደግሞም ውኃ የጠጣ እንጨት ለማድረቅ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን የደብረ ብርሃንን አየር የሚስተካከለው የለም።

ስትወርድ ለማየት ከተሰበሰበው ሰው መካከል ከሞረትና ጅሩ ለገበያ የመጡ አንድ አዛውንት ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ከዞሩ በኋላ «ጀማን ታሻግራለች?» ብለው ጠየቁኝ። ክረምት ጀማ ሲሞላ ማዶ ለማዶ ተያይቶ መቅረትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለቀልድ አያነሣም፤ ስለዚህ ለሚጋልብ ወንዝ ሳይሆን ለረጋ ሐይቅ የተሠራች መሆኗን በአግባቡ አስረዳኋቸው። «እንግዲያ ምን ልትሠራልህ ነው ልጄ?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዓይነቷ «ሚረር» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃክ ሆልት የተባለ የጀልባ ነዳፊና ባሪ በክኔል የተባለ፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ የሚያሳይ ሰው፣ ማንም ሰው በጓሮው ሊገጣጥማት እንዲችል አድርገው ያወጧት ጀልባ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከደገፋት ዴይሊ ሚረር ከተባለው ጋዜጣ ነው። ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ ስፋቷ 1.39 ሜትር ሲሆን፣ አካሏ ብቻውን ሲመዘን 45 ኪሎ ገደማ ነው። ፊቷ እንደ ሌሎች ጀልባዎች ሹል ሳይሆን ደፍጣጣ ነው። እኔን የማረከኝ ግን አሠራሯ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ፣ በየተወሰነ ርቀት ተበስቶ፣ በመዳብ ሽቦ እንደ ስልቻ ይሰፋል፤ ከዚያም ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም በፋይበር ጥብጣብና በሬዚን፣ ማለትም በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ ይሸፈናል። ሠላሳ ዓመት ቁም ሣጥንና በር ስሠራ ምሰሶና ወራጅ የሌለው፣ ቅርጹን ከስፌቱ ብቻ የሚያገኝ የእንጨት ሥራ አላጋጠመኝም ነበር።

ኅዳር 5

ዛሬ መሣሪያ ሳላነሣ ምርመራ ብቻ አደረግሁ። የካቻቢቴ እጀታ ይዤ ከፊቷ እስከ ኋላዋ በየአራት ጣቱ እየመታሁ አዳመጥኋት፤ ጤነኛው ኮምፔንሳቶ እንደ ከበሮ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የተበላሸው ግን ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የታፈነበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ካከበብሁ በኋላ ባለቤቴ ስፌት ከምትሰፋበት ሙዳይ በተዋስኩት ወስፌ ወጋሁት። ወስፌው ሳይገፋ የገባበት ቦታ የሞተ ነው።

ውጤቱ የጠበቅሁትን ገለበጠው። ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ የተገፈፈውና ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሆዷ ከሁለት ትንንሽ ቦታዎች በቀር ደኅና ነው። ቀለሙ እንኳ ያልጎደለው የቀኝ ጎኗ ግን ከውስጥ በስብሷል። ሚረር በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ የታሸጉ የአየር ሣጥኖች አሏት፤ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም የሚያደርጓት እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ ሣጥን የገባበትን ውኃ የሚያስወጣ ቀዳዳና የቀዳዳው ውታፍ አለው። በቀኝ በኩል ያለው ውታፍ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሳይነቀል ቆይቷል፤ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውኃ ቀን ስትተን ማታ ስትጤዝ፣ መውጫ አጥታ እንጨቱን ስታበስል ኖራለች። የግራው ውታፍ ግን ጠፍቶ ሣጥኑ የአይጥ ቤት ሆኖ ነበር፤ እዚያ በኩል እንጨቱ ከአይጥ ኩስና ከገለባ በስተቀር ምንም አልሆነም።

ኅዳር 9

የቀኙን ሣጥን ክዳን በጠባብ መጋዝ ከፈትሁት። ሽታው የረጠበ ጎተራ ሽታ ነው። ከክዳኑ ግማሽ ያህሉ፣ ከጎኗ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር በ20 የሚሆነው መነሣት አለበት። የታመመውን ብቻ አንሥቶ ማቆም ያጓጓል፤ ሆኖም መበስበሱ በዓይን ከሚታየው አልፎ ስለሚሄድ ወስፌው አልገባም ካለበት መስመር ወዲያ አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምሬ ቆረጥሁ። የድሮዎቹ የመዳብ ስፌቶች ከሬዚኑ ሥር እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫሉ፤ አንዱን ነቅዬ ለማስታወሻ መስኮት ላይ አኖርሁት።

ኅዳር 12 ሚካኤል ስለሆነ መዶሻ አይነሣም፤ እስከዚያ ዝርዝሩን አዘጋጃለሁ።

ኅዳር 16

ኮምፔንሳቶ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርሁ። ለጀልባ የሚሆነውን ከቁም ሣጥን የሚለየው እንጨቱ ሳይሆን በንብርብሮቹ መካከል ያለው ኮላ ነው፤ ውኃ የሚፈራ ኮላ ከሆነ ጣውላው በአንድ ወር ውስጥ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ሻጮቹ ሁሉ «ውኃ አይነካውም» ብለው ስለሚምሉ ከየሱቁ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ለምኜ ይዤ መጣሁና ሦስቱንም በአሮጌ ድስት ውስጥ ጥጄ ቀቀልኋቸው። አንደኛው ገና ሰዓት ሳይሞላው ተላጠ። ሁለተኛው ከሦስት ሰዓት በኋላ ጠርዙ ተከፈተ። ሦስተኛው ስድስት ሰዓት ቢፈላም፣ ካደረቅሁት በኋላ በመሮ ስፈለቅቀው የተሰነጠቀው ኮላው ሳይሆን እንጨቱ ራሱ ነበር። ዋጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል፤ ቢሆንም አንድ ሙሉ ጣውላ ገዛሁ። ባለቤቴ የድስቱን ነገር እስካሁን ድረስ አልረሳችም።

ኅዳር 25

የመጀመሪያው ጥፋት፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። አዲሱን የጎን ቁራጭ ከውስጥ በኩል በማስደገፊያ ጣውላ ይዤ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ኢፖክሲ የተባለ ሬዚን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጥብጬ ቀባሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ያለች ስለነበረች አልተጠራጠርሁም። ማታ ግን ውርጭ ወረደ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፣ ኢፖክሲውም እንደ ሰነበተ ማር ጣት ላይ የሚለጠፍ ሆኖ ቀረ። ቆርቆሮው ላይ ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይሠራበት ተጽፏል፤ እኔ ያነበብሁት የቀኑን ሙቀት ታስቦ የተጻፈ አስመስዬ ነበር። ኢፖክሲ እንደ ቀለም በመድረቅ ሳይሆን ሁለቱ ፈሳሾች እርስ በርስ በሚያደርጉት መዋሐድ የሚጠነክር በመሆኑ ብርድ ሲመታው ሥራው ይቆማል፤ እንዲፈጥን ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛትም ጭራሽ ያበላሸዋል እንጂ አይረዳውም፤ ልኩ ሁለት ለአንድ ከሆነ ሁለት ለአንድ ነው። ያልጠነከረውን በሙሉ በመፋቂያና በጨርቅ ለማንሣት አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ።

ኅዳር 28

መላው ተገኘ። ሥራውን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ፤ ሁለቱን ቆርቆሮዎች አስቀድሜ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆማቸዋለሁ። ቀትር ላይ ቀብቼ እጨርሳለሁ። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት አራት ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን በፈላ ውኃ ሞልቼ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ በተቀባው ቦታ አጠገብ እደረድራለሁ፤ በላዩ ላይ ፕላስቲክ ሸራ፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ከመንዝ የመጣውን የእናቴን ባና እደርባለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተነሥቼ ሁለቱን ጀሪካኖች በአዲስ የፈላ ውኃ እተካለሁ። የከሰል ምድጃ ማስገባት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ነገር ግን በታፈነ ቦታ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፣ የሬዚኑም ትነት ከእሳት ጋር አይስማማም።

ዛሬ ጠዋት ባናውን ስገልጠው ከውስጥ የወጣው አየር ፊቴን ሞቀኝ። ጥፍሬን አስደግፌ ብጫነው ምልክት አልያዘም። ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ላብ ወጥቶበታል፤ ይህ በብርድና በእርጥበት ጊዜ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ቅብ ከመደረቡ በፊት በንጹሕ ውኃና በሸካራ ጨርቅ መታጠብ አለበት። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ላቡ ወደ ውስጥ ይታሻል እንጂ አይነሣም፤ የሚደረበውም ቀለም ኋላ ይላጣል።

ታኅሣሥ 11

ስፌቶቹ ሁሉ ተሸፍነዋል። የሆዷን ሁለት ቁስሎች በሁለት ቀን ጨረስኋቸው፤ ስለ እነርሱ የሚጻፍ ነገር የለም።

ከትናንት ጀምሮ የያዝሁት ከንፈሯን ነው፤ ከላይ ዙሪያዋን የሚታጠቀውና ጎኖቿን አጥብቆ የሚይዘው ዘንግ የቀኙ ተሰብሯል። ከፈረሰ የጥንት ቤት የወጣ፣ መቶ ዓመት ሳይሞላው የማይቀር የጽድ ወራጅ ነበረኝ፤ ጽድ መበስበስንም ምስጥንም ስለሚቋቋም ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም ብዬ 20 ሚሊ ሜትር አድርጌ ላግሁት። እንጨት ለማጉበጥ በእንፋሎት ይታሻል፤ የተለመደው ልክ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ሆኖም ይህ ልክ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር የወጣ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንፋሎቷም ከዚያ አይበልጥም። ባቄላ እንኳ እዚህ ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ስለዚህ ሰዓቱን እጥፍ አድርጌ፣ ከቆርቆሮ ባሰራሁት ረጅም ቱቦ ውስጥ ካፈላሁት በኋላ አውጥቼ ሳጎብጠው ከሁለት ሦስተኛው ላይ «ቋ!» ብሎ ተሰበረ።

የመሰበሩ ምክንያት ሰዓቱም አልነበረም። ለብዙ ዘመን በጭስ የደረቀ እንጨት ከውስጡ እርጥበት ስለተሟጠጠ እንፋሎት መልሶ አያለዝበውም። ጎረቤቴ ጋሼ፣ ያስተማሩኝ አናጢ፣ የተሰበረውን አንሥተው ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ሽማግሌ ጎንበስ በል አይባልም፤ ቀጠን አድርገህ ደርበው» አሉኝ።

ታኅሣሥ 19

እንዳሉት አደረግሁ። ከዚያው ጽድ 9 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አወጣሁ፤ ርዝመታቸው ስላልበቃ የእያንዳንዱን ጫፍ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ በሚረዝም ሰያፍ ቆርጬ አጋጠምሁ። ያለ እንፋሎት፣ በእጅ ብቻ፣ እንደ ቀስት ጎበጡ። ሁለቱን በኢፖክሲ ደርቤ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በማስያዣ ጠረነቅኋቸው፤ የነበሩኝ ማስያዣዎች ዐሥራ አራት ብቻ ስለሆኑ የቀረውን ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በቆረጥሁት ጎማ አሰርሁት። ጎማው እንደውም ከብረቱ ይልቅ እኩል ጭነት ሰጠ። ሌሊቱን እንደተለመደው ከጀሪካንና ከባና ጋር አደርን።

የድሮዎቹ ቪቴዎች የናስ ሲሆኑ ግማሾቹ እንደ ጠመኔ ተፈርፍረዋል። በብረት መተካት ዝገት መጥራት ነው፤ ስቴንለስ ቪቴ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ለገና በዓል ቆመ።

ጥር 15

ከጥምቀት በኋላ ወደ ሸራው ዞርሁ። ሁለት ሸራዎች አሏት፤ በድምሩ 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ቀለማቸውም እንደ ሚረሮች ልማድ ቀይ ነው፤ የእኛዎቹ በፀሐይ ብዛት ወደ በርበሬ ዱቄት ቀለም ሄደዋል። ጨርቁ ፖሊስተር ነው። በጣቶቼ ወጥሬ ብስበው አልተቀደደም፣ ክሩ ግን በጥፍር ስነካው እንደ አመድ ይበናል። በፀሐይ ጨረር ቀድሞ የሚሞተው ክሩ ነው፤ ከጨርቁ ላይ ጉብ ብሎ ስለሚቀመጥ።

ገበያው ዳር ወደሚሠሩ፣ ድንኳንና የጋሪ ሸራ ወደሚሰፉ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰድሁት። መነጽራቸውን አድርገው የአንዱን ቁራጭ ስፌት መስመር ከዳር እስከ ዳር ከተከተሉ በኋላ፣ «ይህን የሰፋው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? አንዱም መስመር ቀጥ አላለም። እኔ አቃናዋለሁ» አሉ። ልባቸው ቅን ነው፤ ግን ያቃኑት ቢሆን ኖሮ ሸራው አልጋ ልብስ ይሆን ነበር። የቁራጮቹ ጠርዝ ሆን ተብሎ በጥቂቱ እየጎበጠ ስለተቆረጠ ነው ሲገጣጠሙ ሸራው ሆድ የሚያወጣው፤ ጀልባዋን የሚጎትታትም ነፋስ በዚያ ጉብታ ላይ ሲታጠፍ የሚፈጠረው ኃይል ነው። ይህን ሁሉ ከማስረዳት ኮታቸውን አነሣሁና «ጋሼ፣ ይህ ትከሻው ላይ ለምን ቀጥ አላለም?» አልኋቸው። ሣቁና ሥራውን ተቀበሉ። የድሮውን መርፌ ቀዳዳ ሳይለቁ፣ በወፍራም ፖሊስተር ክር፣ ዚግዛግ አድርገው በሦስት ቀን ውስጥ አስረከቡኝ፤ ዚግዛጉ ሸራው ሲወጠር ክሩ ሳይበጠስ እንዲሳሳብ ያደርገዋል።

ጥር 24

የመጀመሪያው ማሻሻያ። ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን ገደል ስለከበበው ነፋሱ ከገደሉ ጫፍ እየተንደረደረ ድንገት ይወርዳል። የቢሾፍቱ አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ይሁንና ድንገተኛ ነፋስ ለአንድ ሰው ጀልባ አይራራም። ስለዚህ ከታላቁ ሸራ ግርጌ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ ረድፍ የድንኳን ቀለበት አስመታሁ፤ ነፋስ ሲበረታ የታችኛው ክፍል ተጠቅልሎ በቀለበቶቹ በኩል ሲታሰር ከሸራው አንድ አራተኛው ያህል ይቀንሳል።

ይህች ጀልባ ግን አንድ ጠባይ አላት። ምሰሶዋ አጭር ነው፤ ሸራውን ከምሰሶው ጫፍ በላይ ይዞት የሚወጣ ሁለተኛ ዘንግ አላት፤ ይህም የተደረገው ዘንጎቿ ሁሉ ከጀልባዋ ርዝመት ሳያልፉ ሆዷ ውስጥ እንዲገቡ ነው፣ በአይሱዙም ያለ ችግር የመጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። ሸራው በ60 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ዘንጉም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት ስላለበት፣ የመስቀያው ገመድ የሚታሰርበትን ሁለተኛ ቦታ በዘንጉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ አዘጋጀሁ። የመስቀያውን ገመድም ለወጥሁ፤ ከገበያ የገዛሁት ናይለን ሲወጠር ይለጠጣልና ሸራው ከተሰቀለ በኋላ እየረገበ ይወርዳል፣ በፖሊስተር ገመድ ተክቼ ናይለኑን ለመጎተቻ አኖርሁት።

ዘንጉ ምሰሶውን የሚያቅፍበት ባላ ውስጡ በቆዳ ተለብጦ ነበር፤ ቆዳው ደርቆ ወድቋል። በጠፍር ልተካው አስቤ፣ ያልለፋ ጠፍር ውኃ ሲነካው እንደሚለሰልስ ሳስታውስ ተውሁትና የለፋ ቆዳ ቆርጬ በሞራ አሸሁት። የግቢው ውሻ ሌሊቱን ላሰው። በማግስቱ ሌላ ሞራ ቀባሁና ዘንጉን ከጣሪያው ሥር ሰቀልሁት።

የካቲት 18

በጀልባዋ መካከል ባለ ጠባብ ሣጥን በኩል ወደ ውኃ የሚወርድ ሰሌዳ አለ። ነፋስ ከጎን ሲመታት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት እርሱ ነው። በአማርኛ የታወቀ ስም ስላጣሁለት እኔና የእህቴ ልጅ ሰሌዳውን «ሰይፍ»፣ ሣጥኑን «አፎት» ማለት ጀምረናል። የድሮው ሰይፍ ተጣምሟል። አዲሱን ከወንዛ ሠራሁት፤ ወንዛ ቀላልና ለመላጊያ የሚታዘዝ እንጨት ነው፣ ከመርሐቤቴ በኩል ለቤት ዕቃ የመጣ የቆየ ጣውላ ነበረኝ። የፊቱን ጠርዝ ክብ፣ የኋላውን ስል አድርጌ ላግሁት። አፎቱ ውስጥ እንዳይወዛወዝ በእያንዳንዱ ጎን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ብቻ ተውሁለት፤ ሲገባ እንደ ጥሩ መሳቢያ አየር እየገፋ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነበር። ያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

መጋቢት 9

በልግ ገባ፤ ዝናቡ ባይበዛም ቀለም ለመቀባት ሰዓት እየሰረቅሁ ነው። ከመቀባቴ በፊት ሣጥኖቹን ፈተንሁ። በውታፉ ቀዳዳ ላይ የብስክሌት ጎማ አፍ ገጥሜ፣ በመንፊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ገፋሁና ስፌቶቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ ከዚያ በላይ መንፋት 5 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶን ከስፌቱ ሊለየው ይችላል። የቀኙ አንድ ቦታ ላይ አረፋ አወጣ። አዲሱ ክዳን ከድሮው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ነው፤ ያደረግሁትን ጥብጣብ ጠባብ አድርጌበት ነበር። በፋቅሁት ቦታ ሌላ ደረብሁ።

ሐይቅ ስለሌለን የሆዷን ማፍሰስ ያወቅሁት በተገላቢጦሽ ነው። ቀጥ አድርጌ በአራት ሳር ጆንያ ላይ አስቀመጥኋትና ሦስት ጣት የሚያህል ውኃ ውስጧ ጨምሬ፣ ሥሯ ጋዜጣ አንጥፌ አደረች። ጋዜጣው ደረቅ ነበር። ከዚያ በላይ መሙላት አይገባም፤ ውኃ ሐይቅ ውስጥ ከውጭ ይደግፋታል እንጂ ከውስጥ እንዲህ አይከብዳትም።

ሚያዝያ 26

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባለፈው ሳምንት ተጫነች፤ ትናንት ከአጎቴ ግቢ ወደ ሐይቁ ዳር በአራት ሰው ተሸከምናት። ከሰዓት በፊት በመቅዘፊያ ብቻ አወጣኋት። አንዲት ጠብታ አላስገባችም። ሰይፉን አውርጄ፣ ገመዶቹን አስተካክዬ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በሸራ ልሄድ በውኃው ላይ እንዳለች ከግራሩ ጋር አሰርኋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ሰይፉ አልነቀል አለ። ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ደብረ ብርሃን ላይ በደረቁ ወራት ለክቼ የሠራሁት ወንዛ በአምስት ሰዓት ውስጥ ውኃ ጠጥቶ አበጠ፤ በሁለት ቅብ ቫርኒሽ ሸፍኜዋለሁ ብዬ ታምኜ ነበር፣ ነገር ግን አፎቱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጠርዙ ቫርኒሹን ፍቆት ኖሯል። ሰይፉ ወርዶ እንደተጣበቀ ጀልባዋን ወደ ዳር መጎተት አይቻልም፤ ሥሩ መሬት ይነካል። የእህቴ ልጅ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከሥር በትከሻው ሲገፋ፣ እኔ ከላይ እጀታውን እያወዛወዝሁ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ታግለን አወጣነው። «አጎቴ፣ ሰይፍህ አፎቱን ወደደ» አለኝ እየተንቀጠቀጠ። መልስ አልነበረኝም። እንጨት አየር ሲለወጥበት በር እንኳ እንደሚነክስ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ለሸዋ ሮቢት ስሠራ ሁልጊዜ ክፍተት እተዋለሁ። ለውኃ ግን መተዉን ዘነጋሁት።

ሚያዝያ 28

ሰይፉን ሁለት ቀን በጥላ ካደረቅሁት በኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ላግሁለት፤ ከዚያም ጠርዙንና የእንጨቱ ቃጫ ተቆርጦ የሚታይበትን ጫፍ ሦስት ጊዜ በኢፖክሲ አጠጣሁት። የቢሾፍቱ ሌሊት ከደብረ ብርሃኑ ይሞቃል፤ ባናም ጀሪካንም ሳያስፈልግ በማግስቱ ጠነከረ። መወዛወዙን ለማስቀረት አፎቱ አፍ ላይ ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ምንጣፍ የተቆረጠ ጥብጣብ ለጠፍሁ፤ ውኃ አይገታም፣ ሰይፉን ግን አለዝቦ ይይዘዋል።

ሚያዝያ 30

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሸራ ወጣሁ። ከገደሉ ጥግ እስከ መካከሉ ድረስ ነፋሱ ስስ ነበር፤ ውኃው የሚያሰማው ድምፅ በፊቷ ሥር እንደሚፈላ ሽሮ ነበር። መካከሉን እንዳለፍሁ ከላይ የወረደው ነፋስ በግራ በኩል መታት፤ ጥቂት አዘነበለች፣ ሰይፉ ያዛት፣ ሄደች። ሁለተኛው ምት ከበረታ በኋላ ወደ ገደሉ ጥላ ገብቼ ሸራውን ጠቀለልሁት፤ ዘንጉን በሁለተኛው ቦታ አስሬ ለመስቀል አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ በተለማመደ እጅ ሦስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። በቀነሰው ሸራ ሦስት ጊዜ ማዶ ለማዶ ተመላለስሁ።

ስመለስ የቀኙን ሣጥን ውታፍ ነቀልሁ። አንድ ሲኒ የሚያህል ውኃ ወጣ፤ ከየት እንደገባ ነገ በሳሙና እፈልጋለሁ። ከዚያ አራቱንም ውታፎች ነቅዬ በአንድ ገመድ አሰርሁና ገመዱን በመቅዘፊያው እጀታ ላይ ቋጠርሁት፤ ማንም ሰው መቅዘፊያውን ሲያነሣ ውታፎቹ አብረው ይነሣሉ፣ መቅዘፊያው ሲሰቀል ደግሞ ሣጥኖቹ አፋቸውን ከፍተው ያድራሉ።